ተከራካሪዎች ዳኛቸውን የሚመርጡበት ችሎት

ከአዲስ አበባ ወደ ሃምቡርግ አንድ ኮንቴይነር ቡና የሚልክ ነጋዴ ከገዢው ጋር የሚፈራረመው ወረቀት ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። የቡናው ደረጃ፣ የኬሻው ብዛት፣ ዋጋውና የሚጫንበት ወር ይጻፍበታል። ከዚያ በታች አንዲት መስመር ትኖራለች፤ ቀሪው ሁሉ በአውሮፓ መደበኛ የቡና ውል ይገዛል የምትል። ያ መደበኛ ውል ደግሞ ክርክር ከተነሳ የሚታየው በመንግሥት ፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኝነት ነው ይላል። ገዢው አሜሪካዊ ከሆነም ኒውዮርክ ያለው የጥሬ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ውል ተመሳሳይ ድንጋጌ ይዟል። ብዙ ነጋዴ ይህች መስመር ምን እንዳስፈረመችው የሚያውቀው ቡናው ጥራት ጎድሎታል ተብሎ ክፍያው የተያዘበት ዕለት ነው።

ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ እንጂ በነጋዴውና በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ዘንድ ብዙም አይታወቅም። ነገር ግን ቡና ላኪውን፣ መንገድ ሠሪውን፣ የውኃ መሥሪያ ቤቱን፣ አንዳንዴም አገሪቱን ራሷን የሚዳኘው እሱ ነው። ስለዚህ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሁላችንም ይበጃል።

ሽምግልናም አይደለም፣ ፍርድ ቤትም አይደለም

የግልግል ዳኝነት ማለት ተዋዋዮች በመካከላቸው የተነሳውን ወይም ሊነሳ የሚችለውን ክርክር ራሳቸው በመረጡት ዳኛ፣ ራሳቸው በተስማሙበት ሥርዓት አስወስነው ውሳኔውን ሊቀበሉ የሚዋዋሉበት አሠራር ነው። ስሙን የሰማ ሰው ቶሎ የሚያስበው የአገራችንን ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ አንዱን ተው፣ ሌላውንም ተው ብሎ ያቀራርባል፤ ሁለቱም እሺ ካላሉ እርቅ የለም። የግልግል ዳኛ ግን ይፈርዳል። ማስረጃ ይሰማል፣ ሕግ ይጠቅሳል፣ አሸናፊና ተሸናፊ ይለያል። ተሸናፊው ወደደም ጠላም ውሳኔው ያስገድደዋል።

ነጋዴዎች ይህን መንገድ የሚመርጡበት የመጀመሪያው ምክንያት ገለልተኛነት ነው። ጀርመናዊው ገዢ አዲስ አበባ መጥቶ በማያውቀው ቋንቋ መከራከር አይፈልግም፤ ኢትዮጵያዊው ሻጭም ሃምቡርግ ሄዶ በገዢው አገር ዳኛ ፊት መቆም ያስፈራዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጥ ይመዝናል። የአንድ አገር ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ በሌላ አገር እንዲፈጸም ማድረግ አስቸጋሪ ነው። የግልግል ውሳኔ ግን ቆየት ብለን በምናየው ስምምነት አማካይነት በአብዛኛው ዓለም ይፈጸማል።

ከአላባማ መርከብ እስከ ኒውዮርክ ስምምነት

ዘመናዊው ዓለም አቀፍ ግልግል ስሙን ያስጠራው በመንግሥታት ጠብ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ አገር ተሠርታ ለደቡቦቹ የተሰጠችው አላባማ የተባለች መርከብ የሰሜኑን የንግድ መርከቦች ስታሰጥምና ስታቃጥል ቆየች። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋሽንግተን ከለንደን ካሳ ጠየቀች። ሁለቱ መንግሥታት ጉዳዩን ለአምስት ዳኞች ሰጡ፤ ከራሳቸው አንድ አንድ፣ ከጣሊያን፣ ከስዊዘርላንድና ከብራዚል ደግሞ አንድ አንድ። ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በ1872 ጄኔቫ ላይ ብሪታንያ 15.5 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ እንድትከፍል ወሰኑ። የዘመኑ ኃያል መንግሥትም ከፈለ። ያ ውሳኔ መንግሥታትም ያለ መድፍ ሊዳኙ እንደሚችሉ ለዓለም አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ በተደረገው የሰላም ጉባኤ ቋሚው የግልግል ፍርድ ቤት ተመሠረተ። ስሙ ፍርድ ቤት ይበል እንጂ በመንበሩ ላይ ሁሌ የሚቀመጡ ዳኞች የሉትም፤ የዳኞች ዝርዝርና ጽሕፈት ቤት አለው፣ ጉዳይ ሲመጣ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ችሎት ይቋቋማል። ለነጋዴዎች ደግሞ የለንደኑ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1892፣ የስቶክሆልሙ በ1917፣ የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የግልግል ፍርድ ቤት በ1923 ፓሪስ ላይ ተቋቋሙ። ሆንግ ኮንግ በ1985፣ ሲንጋፖር በ1991 ተከተሉ።

ይህን ሁሉ ጉልበት የሰጠው ግን እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1958 የተፈረመው የኒውዮርክ ስምምነት ነው። ከ170 በላይ አገሮች ገብተውበታል። አባል አገር ሁለት ነገር ለመፈጸም ይገደዳል። ተዋዋዮች በግልግል ለመዳኘት በጽሑፍ ከተስማሙ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ግልግል ይመራል፤ በሌላ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔም ሲቀርብለት እውቅና ሰጥቶ ያስፈጽማል። ተሸናፊው ማምለጥ የሚችለው በሰባት ምክንያቶች ብቻ ነው። የግልግል ስምምነቱ ዋጋ ያልነበረው መሆኑ፣ ስለ ክሱ ተገቢው ማስታወቂያ ያልደረሰው ወይም የመሰማት ዕድል ያላገኘ መሆኑ፣ ዳኞቹ ከተሰጣቸው ጉዳይ አልፈው መወሰናቸው፣ ችሎቱ ከውሉ ውጭ መቋቋሙ፣ ውሳኔው ገና ያልጸና ወይም በተሰጠበት አገር የተሻረ መሆኑ፣ ጉዳዩ በሕግ ለግልግል የማይቀርብ መሆኑ፣ መፈጸሙም የአገሩን የሕዝብ ፖሊሲ የሚጻረር መሆኑ። ዳኞቹ ሕጉን ወይም ማስረጃውን ተሳስተው ተረድተዋል የሚል ምክንያት ከሰባቱ ውስጥ የለም። ግልግል መደበኛ ይግባኝ የለውም የሚባለው ለዚህ ነው፤ የመረጥከው ዳኛ ቢሳሳት ስህተቱን ትሸከማለህ።

አንዲት አንቀጽ የምትወስነው

የግልግል ዳኛ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከንጉሥም ከምክር ቤትም ሳይሆን ከውሉ ነው። ስለዚህ በውሉ መጨረሻ የምትጻፈው የግልግል አንቀጽ ቢያንስ አምስት ነገር ማለት አለባት። ክርክሩ በየትኛው ተቋም ደንብ እንደሚመራ፣ ዳኛው አንድ ይሁን ሦስት፣ የግልግሉ መቀመጫ የት እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደሚካሄድ፣ ውሉም በየትኛው አገር ሕግ እንደሚተረጎም።

ከአምስቱ በጣም የሚዘነጋው መቀመጫው ነው። ዳኞቹ ለመሰብሰብ የሚመቻቸውን አዳራሽ በየትኛውም ከተማ ሊከራዩ ይችላሉ፤ መቀመጫው ግን ሕጋዊ አድራሻ ነው። የግልግሉን ሂደት የሚቆጣጠረው፣ ውሳኔውንም ሊሽር የሚችለው የመቀመጫው አገር ፍርድ ቤት ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት መርሕ የአንቀጿ ራስን መቻል ነው። አንዱ ወገን ውሉ ፈርሷል ወይም ከመጀመሪያውም ዋጋ አልነበረውም ቢል አንቀጿ አብራ አትፈርስም። እንደ ራሷ ውል ትቆጠራለች፤ ውሉ ፈርሷል አልፈረሰም የሚለውንም የሚወስኑት ራሳቸው ዳኞቹ ናቸው።

ክርክሩ ሲካሄድ

ከሳሽ ማመልከቻውን ለተቋሙ ያቀርባል። በፓሪሱ የንግድ ምክር ቤት ተቋም ማመልከቻው 5,000 የአሜሪካ ዶላር የማይመለስ ክፍያ ይጠይቃል፤ ተከሳሹ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። ዳኞቹ ሦስት ከሆኑ እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ይሰይማል፤ ሰብሳቢው በሁለቱ ዳኞች፣ በተዋዋዮች ስምምነት ወይም በተቋሙ ይመረጣል። የተሰየመ ዳኛ የሰየመው ወገን ጠበቃ አይደለም። ገለልተኛ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል፣ ከተከራካሪዎችና ከጠበቆቻቸው ጋር ያለውን ማንኛውንም ግንኙነት ይገልጻል፤ ደብቆ ከተገኘ ተቃውሞ ይቀርብበታል።

ከዚያ የወረቀት ሥራው ይመጣል። እዚህ ላይ የባለሙያዎቹን ዕለታዊ መሣሪያ አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንዱ ወገን በሌላው እጅ ያለ ሰነድ ሲፈልግ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ሠንጠረዡ በእንግሊዛዊው የግልግል ባለሙያ አለን ሬድፈርን ስም ይጠራል። በመጀመሪያው ዓምድ የተፈለገው ሰነድ ይገለጻል፤ ለምሳሌ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር የተጻፉ የግንባታ ቦታ ዕለታዊ መዝገቦች። በሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ ይጻፋል። በሦስተኛው ተቃዋሚው ምክንያቱን ያስቀምጣል፤ ምስጢር ነው፣ ብዛቱ ከልክ ያለፈ ነው፣ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ይላል። አራተኛውን ዓምድ ባዶ ይተዉታል፤ ዳኞቹ ይቅረብ ወይም ውድቅ ነው ብለው የሚሞሉት እሱን ነው። ብዙ ትልልቅ ጉዳዮች የሚሸነፉት እዚህ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ደብዳቤውን፣ ቃለ ጉባኤውንና የክፍያ ሰነዱን በሥርዓት ያላስቀመጠ መሥሪያ ቤት የሚጠየቀውን ማቅረብ ያቅተዋል፣ ከሌላው ምን መጠየቅ እንዳለበትም አያውቅም።

ምስክሮች ቃላቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ይሰጣሉ። በመሰማቱ ቀን ጊዜው በአብዛኛው የሚያልፈው በመስቀለኛ ጥያቄ ነው። ለሁለቱ ወገኖች እኩል ሰዓት ይመደባል፤ በጥያቄ ያባከነው ደቂቃ ከራሱ ድርሻ ይቀነስበታል። ዳኞቹ ውሳኔያቸውን ሲያረቁ የፓሪሱ ተቋም ረቂቁን ይመረምራል፤ የቅርጽ ጉድለት ያሳርማል፣ በፍሬ ነገሩ ላይ ያየውን ያመለክታል፣ ፍርዱን ግን አይለውጥም።

ይህ ሁሉ ርካሽ አይደለም። የፓሪሱ ተቋም ራሱ ባወጣው ጥናት ተከራካሪዎች ከሚያወጡት ገንዘብ 83 በመቶው የሚሄደው ለጠበቃ፣ ለባለሙያና ለምስክር ነው፤ ለዳኞቹ 15 በመቶ፣ ለተቋሙ 2 በመቶ ይደርሳል። ለአነስተኛ ነጋዴ ይህ ወጪ ራሱ የፍትሕ በር ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ውል ሲረቀቅ አንድ ዳኛ ብቻ፣ አጭር ሥርዓት፣ ወይም የአገር ውስጥ ተቋም መምረጥ ይቻል እንደሆነ መደራደር ያስፈልጋል።

ናይጄሪያ የተማረችው

የዚህን ሥርዓት ኃይልና አደጋ በአንድ ላይ የሚያሳይ ጉዳይ ከአፍሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የናይጄሪያ የነዳጅ ሚኒስቴር ፕሮሰስ ኤንድ ኢንዱስትሪያል ዴቨሎፕመንትስ ከሚባል ድርጅት ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ። መንግሥት ጋዝ ያቀርባል፤ ድርጅቱ ማጣሪያ ሠርቶ ለኃይል ማመንጫ የሚሆነውን ጋዝ ይመልሳል፣ ተረፈ ምርቱን ሸጦ ያተርፋል። ጋዙ አልቀረበም፣ ማጣሪያውም አልተሠራም። በ2012 ድርጅቱ ወደ ግልግል ሄደ። ዳኞቹ በ2015 ናይጄሪያ ውሉን አፍርሳለች አሉ፤ በጥር 2017 ደግሞ በአብላጫ ድምፅ 6.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወለድ ጋር እንድትከፍል ወሰኑ። ወለዱ 7 በመቶ ስለነበር ዕዳው በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እየጨመረ 11 ቢሊዮን ደረሰ።

ውሉ የግልግሉን ቦታ ለንደን ይለዋል፤ ሥርዓቱ ግን በናይጄሪያ የግልግል ሕግ ደንብ ይመራል ይላል። ናይጄሪያ መቀመጫው የራሷ አገር ነው ብላ ሌጎስ ፍርድ ቤት ቀረበች። ዳኞቹ ግን መቀመጫው እንግሊዝ ነው አሉ፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤትም በ2019 ይህንኑ አጸና። ከዚያ በኋላ መንግሥት ጠበቃ ቀይሮ መረጃ መቆፈር ጀመረ። ውሳኔውን ለመቃወም የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም የለንደኑ ፍርድ ቤት በ2020 ጊዜውን አራዘመለት።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 2023 ዳኛ ሮቢን ኖውልስ ውሳኔው በማጭበርበር የተገኘ ነው ብለው ፈረዱ። ድርጅቱ ሐሰተኛ መሆኑን የሚያውቀውን ምስክርነት አቅርቧል፣ ውሉ ሲፈረም ለአንዲት የሚኒስቴሩ የሕግ ባለሙያ የተሰጠውን ጉቦ ደብቆ ዝም እንድትል መክፈሉን ቀጥሏል፣ ግልግሉ እየተካሄደ ሳለም የናይጄሪያን የውስጥ የሕግ ምክር ሰነዶች እጁ አስገብቶ ይዟል። ዳኛው ይህን ብቻ ብለው አላበቁም። መንግሥት በግልግሉ ጊዜ በሚገባ እንዳልተወከለ፣ ይህን የሚያህል ገንዘብ ያለበት ጉዳይ እንደዚህ ባለ መንገድ ማለፉ የግልግሉን ዓለም ሊያሳስብ እንደሚገባ ጻፉ።

ናይጄሪያ ዳነች። ሆኖም የዳነችው ማጭበርበር ስለተረጋገጠላት ነው። ማጭበርበር ባይኖርና ዳኞቹ የካሳውን ስሌት ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ለንደን ላይ የሚሰማት አታገኝም ነበር። ውሉን ሳይመረምር የፈረመ፣ ክርክሩንም ያለ በቂ ጠበቃና ባለሙያ ያሳለፈ መንግሥት በኋላ የሚያገኘው መድኃኒት በጣም ጠባብ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ዓለም ውስጥ

አገራችን ለግልግል አዲስ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3325 ጀምሮ ስለ ግልግል ይደነግጋል። ከኤርትራ ጋር የነበረውን ጦርነት ያስቆመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነትም የወሰኑንና የካሳውን ጥያቄ ለሁለት ኮሚሽኖች ሰጥቷል፤ የሁለቱም ጽሕፈት ቤት የሄጉ ተቋም ነበር። የካሳ ኮሚሽኑ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ለኤርትራ 163 ሚሊዮን፣ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰነ። የወሰን ኮሚሽኑ ደግሞ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የመጨረሻና አስገዳጅ የተባለውን ውሳኔ ቢሰጥም ምድር ላይ ችካል ሳይተከል ዓመታት አለፉ። በመንግሥታት መካከል የሚሰጥ ውሳኔ የሚያስፈጽም ፖሊስ የለውም፤ የሚፈጸመው በፖለቲካ ፈቃድ ነው።

በንግዱ ዘርፍ የፍርድ ቤቶቻችንና የግልግል ዳኞች ፍጥጫ ብዙ ተጽፎበታል። የጣሊያኑ ተቋራጭ ሳሊኒ ከአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር በነበረው ክርክር መቀመጫው አዲስ አበባ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ስብሰባውን ፓሪስ ላይ ለማድረግ ወሰኑ። ባለሥልጣኑ ዳኞቹን ተቃውሞ ከአገራችን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እግድ አመጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ዳኞቹ ሥልጣናችን የመነጨው ከተዋዋዮች ስምምነት ነው፣ እግዱ አያቆመንም ብለው ቀጠሉ። በሌላ በኩል የኢትዮ-ጅቡቲን ባቡር መስመር ለማደስ ውል የነበረው ኮንስታ የተባለ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2016 በግልግል ያሸነፈውን 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሻረው። ሰበር ችሎቱ ከዚያ ቀደም በሌላ መዝገብ፣ ተዋዋዮች ውሳኔው የመጨረሻ ነው ብለው ቢስማሙም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ከማየት አልታገድም ብሎ ነበር። ለአገር ሀብት ጥበቃ ነው የሚሉ አሉ፤ የውጭ ባለሀብትን ያሸሻል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ።

ለውጡ የመጣው በሁለት እርምጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ኢትዮጵያ የኒውዮርክን ስምምነት ተቀበለች፤ ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰነዱን አስገባች፣ ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጸናባት። ስምምነቱ የሚሠራው በንግድ ጉዳዮች ላይ፣ በሌላ አባል አገር ለተሰጡ ውሳኔዎች፣ ከዚያ ወዲህ ለተደረጉ ውሎች ብቻ መሆኑንም አስመዘገበች። ቀጥሎ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጣ።

አዋጁ በግልግል ሊታዩ የማይችሉትን ይዘረዝራል። ፍቺ፣ ውርስ፣ ወንጀል፣ ግብር፣ ኪሳራ፣ የመሬት ጉዳይ ከእነዚህ ይገኙበታል። የአስተዳደር ውልም ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ለግልግል አይቀርብም፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚዋዋል ተቋራጭ ይህን አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ስለ ሰበር የተቀመጠው ድንጋጌ ደግሞ ልዩ ትኩረት ይሻል። ተዋዋዮች ካልተስማሙ በስተቀር ይግባኝ የለም። ሰበር ግን በተቃራኒው ነው፤ ተዋዋዮች አይኖርም ብለው ካልተስማሙ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲኖር በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ ውሉ ስለ ሰበር ምንም ካላለ ዝምታው ራሱ ምርጫ ሆኖ ይቆጠራል።

አንድ ሌላ በርም አለ። የባለሀብቶችና የመንግሥታት ክርክር የሚታይበትን የዋሽንግተን ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈርማለች፣ እስካሁን ግን አላጸደቀችውም። ይህ ከክስ አያድናትም። ከብዙ አገሮች ጋር የተፈራረመቻቸው የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነቶች ባለሀብቱ ከመንግሥት ጋር ውል ባይኖረው እንኳ በሌላ ተቋም እንዲከሳት ይፈቅዳሉ። በደናክል የፖታሽ ፕሮጀክት ላይ በተነሳው የግብር ክርክር እ.ኤ.አ. በ2017 ሄግ ድረስ የተሄደው ከኔዘርላንድስ ጋር ያለውን ስምምነት በመያዝ ነበር።

ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት የውል ረቂቅ ላይ የሕግ ባለሙያ ይቀመጥ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች መሐንዲሱ ስለ ሥራው፣ ሒሳብ ሹሙ ስለ ክፍያው ተጨንቀው ይደራደራሉ፤ የግልግሉ አንቀጽ ከሌላ ውል ተገልብጦ ይለጠፋል። መቀመጫው የት እንደሆነ፣ ስንት ዳኛ እንደሚሰየም፣ ሰበር ይቀራል ወይስ አይቀርም የሚለው ከዋጋው እኩል መደራደሪያ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ሰነድ ይያዝ። ውል የተፈረመበት፣ ሥራው የተጓተተበት፣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት ወረቀት ሁሉ በቀኑ ይመዝገብ፤ ክርክር ሲመጣ የሚናገረው ሰነዱ ነው።

በመጨረሻም ባለሙያ እናፍራ። በአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ሥር የግልግል ተቋም አለን፤ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችንም በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃሉ። በውጭ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሕግ ባለሙያዎችም ልምዳቸውን ሊያካፍሉ ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል በእንግሊዝኛ መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርቡ ጠበቆች፣ የካሳ ስሌት የሚያፈርሱ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ለፓሪስና ለሄግ የሚሰየሙ ዳኞች ካልወጡ አገራችን በእያንዳንዱ ክርክር የሌላ አገር ባለሙያ እየቀጠረች ትኖራለች። ይህ ችሎት ዳኛውንም፣ ቦታውንም፣ ሥርዓቱንም እንድንመርጥ ይፈቅድልናል። መብቱ ግን የሚያገለግለው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለሚጠቀምበት ብቻ ነው።